አምስቱ ሚሊባር

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ከውጫሌ በላይ ባለው የአምባሳል አምባ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሲጎርፍ ዋለ። መኪና የማይወጣው አገር ነውና፣ እህሉ ከሰማይ እንደሚወርድ በየገበሬ ማኅበሩ ተለፍፏል፤ በአራት ሰዓት ከኮምቦልቻ ይነሣል የተባለው አውሮፕላን ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ድምፁ አልተሰማም፤ ደመናውም ከገደሉ ሥር እየተሳበ ወጥቶ የሜዳውን ግማሽ ሸፈነው።

የምድር ሬዲዮውን የያዘው ሃምሳ አለቃ አብዱልመናን ሰዑድ አንድ ቦታ መቆም ተስኖታል። የሐይቅ ልጅ ነው፤ በአየር ኃይል አሥራ አንድ ዓመት የበረራ መሣሪያ ሲጠግን ኖሮ፣ የሞተር ጩኸት ግራ ጆሮውን ሲያደነቁረው ተሰናብቷል። ታላቅ እህቱ ዙሌይካም ከሕዝቡ መካከል ሁለት ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ቀብራዋለች።

«ወንድምአለም፣ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

«አብሽሪ፣ ይመጣል» አላት፤ ዓይኑን ግን በእጁ ከያዘው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ላይ አላነሣም።

አውሮፕላን ከፍታውን የሚያውቀው መሬቱን አይቶ ሳይሆን የአየሩን ክብደት መዝኖ ነው፤ የአየሩ ግፊት ወርዶ ካልተነገረው፣ ከባሕር ወለል ይህን ያህል ጫማ በላይ ነኝ እያለ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይበርራል። ጠዋት ከኮምቦልቻ የመጣው ወረቀት የአየሩ ግፊት አንድ ሺህ ሃያ ሰባት ሚሊባር ነው ይላል፤ ለጠዋቱ ልክ ነበር። አብዱልመናን መለኪያውን በካርታ በተጻፈው የአምባው ከፍታ ላይ አስተካክሎ ግፊቱን ሲያነብብ ግን አንድ ሺህ ሃያ ሁለት ሆኖ አገኘው።

ወረቀቱን ወደያዙት የአውራጃው ተወካይ ሄደ።

«ጓድ ሙላት፣ ቁጥሩ ወርዷል፤ አዲሱን ላስተላልፍ ይፍቀዱልኝ።»

«ከጸደቀው ወረቀት ውጭ አንዲት ቃል በሬዲዮ እንዳትወጣ ታዝዣለሁ። አምስት ቁጥርስ ምን ያመጣል?»

«እያንዳንዷ ሠላሳ ጫማ ያህል ናት፤ አምስቷ መቶ ሃምሳ። ሰማዩ ቢጠራ አብራሪውን ዓይኑ ባዳነው፤ በዚህ ደመና ግን ገደሉን ሳያየው ይደርስበታል።»

«ካርታው ተሳስቶ ቢሆንስ፣ ሃምሳ አለቃ? ኃላፊነቱ የማን ነው?»

አብዱልመናን መለኪያውን እንደገና አየ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ካርታውን የሠራው እሱ አይደለም።

ወዲያው የአውሮፕላኑ ጉርምርምታ መጣ፤ ሕዝቡም እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። አብራሪው በእንግሊዝኛ የአየሩን ግፊት ጠየቀ፤ ጓድ ሙላት ወረቀቱን ለሃምሳ አለቃው ዘረጉለት። አብዱልመናን ወረቀቱን አየ፤ እህቱን አየ፤ የሬዲዮውንም ቁልፍ ተጭኖ «አንድ ሺህ ሃያ ሁለት» አለ፤ ደገመውም። ቁጥር ያህል እንግሊዝኛ ጓድ ሙላትም ያውቁ ነበርና ፊታቸው ጠቆረ።

ድምፁ በደመናው ውስጥ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ እናቶች በልጆቻቸው ላይ ተደፉ። ድንገት የአውሮፕላኑ ግዙፍ ሆድ ከገደሉ አፋፍ በላይ ብቅ አለ፤ ሣሩ ተኛ፤ ጆንያዎቹ ተከታትለው እየነጠሩ በሜዳው ላይ ተንከባለሉ። ዙሌይካ እየሮጠች «አልሐምዱሊላህ!» ስትል በደህና ጆሮው ሰማት።

በማግስቱ ወደ ደሴ ወሰዱት። ለሦስት ወራት፣ ያልጸደቀውን ቁጥር ለማን ብሎ እንዳስተላለፈ እየተጠየቀ ታሰረ፤ ከዚያም ያለ ክስ ተለቀቀ። የዙሌይካ ልጆች አደጉ፤ አንደኛዋ ጅዳ ገብታ ለአጎቷ ቆርቆሮ ቤት አሠራችለት።

እሱ ግን እረፍት አላገኘም። ያ አብራሪ በእሱ ቁጥር ነው የተረፈው ወይስ ሌላ መሣሪያ ነበረው? ካርታውስ ልክ ነበር? በእርዳታ ድርጅት በኩል ለአብራሪው ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላከ፤ መልስ ሳይመጣ በትውልድ ከተማው በሐይቅ አረፈ።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈው ስንት ኩንታል እንደወረደና የማን አገር አውሮፕላን እንዳወረደው ነው፤ ሳይደርስ ስለቀረ አደጋ የሚጽፍ የለም። አብዱልመናንም ታሪክ እንዲያመሰግነው አልለመነም፤ የፈለገው፣ ልክ ነበርክ ወይም ተሳስተህ ነበር የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።