ከካውያው በፊት

«እጠቢው!»

ሸሚዙ ፊቷ ላይ አረፈ። ገና ሳታነሳው ወንድሟ ክንዷን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። አጠገባቸው በርሜሉ ውስጥ ውሃ ይንተከተካል። ያ ሁሉ ፍል ውሃ ቢገለበጥባቸውስ? ልጅ ሲቆጣ ይህን መች ያያል!

«አሁኑኑ! እማዬ ከገበያ ሳትመለስ። ገባሽ?»

«ልቀቀኝ፣ አመመኝ!»

«ገባሽ ወይ አልኩሽ?»

«ገባኝ አልኩህ እኮ!»

ለቀቃት። ክንዷ ላይ የአምስት ጣቶቹ ምልክት ቀልቶ ቀረ።

የቤታቸው የፊት ክፍል ልብስ ማጠቢያ ነው። እናቷ የሰፈሩን ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። እሷም ከእግሯ በታች እርጥብ ሲሚንቶ፣ ከራሷ በላይ የተሰጣ ልብስ እያየች አሥራ አራት ዓመት ሞላት። የክፍሏ ልጆች «ሳሙና» ይሏታል። መጀመሪያ ሊያበሽቋት ነበር፤ ኋላ ግን እሷም ለመደችውና ስሟ ሆኖ ቀረ። ቀለም ይሁን ቅባት፣ የሳር ይሁን የደም፣ እድፍ አይታ ከየት እንደመጣ ትናገራለች።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነው። ሁለት ቁልፎቹ ተበጥሰዋል። ደረቱ ላይ ጥቁር የሞተር ዘይት አለ፤ እንደ ሌላው ቀን የተረጨ ወይም የተንጠባጠበ አይደለም። እጅ ነው። መዳፉ ከነጣቶቹ ደረቱ ላይ ታትሞ፣ ከዚያ እየተጎተተ እስከ ታችኛው ጠርዝ ወርዷል።

አውራ ጣት። ሌባ ጣት። መሃል ጣት። ከዚያ ባዶ ቦታ። ከዚያ ትንሿ ጣት።

ሳሙና ይህን እጅ ታውቀዋለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጋራዥ ሜካኒክ ነው፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት የሠራተኞቹን ቱታ በጆንያ ተሸክሞ የሚመጣው ሽማግሌ። የቀለበት ጣቱን ከዓመታት በፊት የሚሽከረከር የሞተር ቺንጋ ቆርጦታል። ሲጠይቁት ግን፣ «ቀለበት እንዳላስርባት ፈርታ ጠፋች» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሜካኒኩ አልመጣም። ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ እንደ ወንድሟ የአሥረኛ ክፍል የሆኑ ልጆች ሁለት ቡድን ሆነው ጋራዡ በር ላይ በድንጋይና በቀበቶ ሲፈነካከቱ ሊገላግል ገብቶ፣ አንዱ በመፍቻ ጭንቅላቱን ብሎት ሆስፒታል ተኝቷል። እስካሁን ዓይኑን አልገለጠም። መፍቻውን ይዞ የተገኘው ደግሞ ከሷ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጠው፣ በቅጥነቱ «መቃ» የሚሉት ልጅ ነው። ፖሊስ ጣቢያ አድሯል።

«መቃ ነው የመታው ብለህ ነበር» አለች።

«መቃ ነው።»

«ታዲያ ይሄ እጅ አንተ ላይ ምን ይሠራል?»

በጥፊ አጮላት። ጆሮዋ ጮኸ። ሳፋውን በርግጫ ሲለው የሳሙናው ውሃ ወለሉን አጥለቀለቀው። ደግሞ ሊመታት ያነሳውን እጅ እዚያው አየር ላይ አቆመ፤ ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጢጥ አለና ፊቱን ሸፈነ።

«ከኋላ ሲይዘኝ ከምንደባደባቸው አንዱ መሰለኝ» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «መፍቻው መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንስቼ ዞር ብዬ መታሁት። ከዚያ ሸሚዜን ያዘ። አይለቅም! ዓይን ዓይኔን እያየ ‹ልጄ፣ ተው› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«አልለቅም አለ እኮ!»

«ከዚያስ አልኩህ?»

«ደገምኩት።»

በርሜሉ ይንተከተካል። ሳሙና እስከ ታች የተጎተተውን ጥቁር መስመር አየች። ሰውየው እየወደቀም አለቀቀም ነበር።

«መፍቻው መቃ እጅ ላይ እንዴት ገባ?»

«ጥዬው ስሮጥ አነሳው። ሌላ ሰው እንዳይመታበት ይሆናል፣ ሞኝ ነገር ነው። እኔ ምን ላድርግ?» ቀና አለ። «ላቃጥለው ነበር። ግን ዲሬክተሩ፣ የተደባደበው እንዲለይ፣ ሰኞ ሁሉም በየራሱ ሸሚዝ ይሰለፋል ብሏል። ኮሌታው ላይ ቁጥራችን ተሰፍቷል። እጠቢልኝ። አንቺ ታስለቅቂዋለሽ።»

በሩ ተከፈተ። እናታቸው ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። ወለሉን አየች፣ የሴት ልጇን የቀላ ጉንጭ አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን። ያ እጅ የነካቸውን ቱታዎች አሥር ዓመት አጥባለች። ማንም ምንም አልነገራትም።

ዘንቢሉን ጣለችና ከሳፋው ውስጥ የራሰ የሌላ ደንበኛ ቱታ መዝዛ ልጇን ትወግረው ጀመር። «ይህን ነው ያሳደግኩት? ይህን? እኔን ግደለኝ! እኔን!» እያለች ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን። የቱታው ዚፕ ጆሮውን ሰነጠቀው። አልተከላከለም። ክንዷ ሲዝል ቱታው ከእጇ ወደቀ፤ የተሰነጠቀውን ጆሮ አይታ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው።

ጆሮውን እንደያዘች፣ ወደ ሳሙና ሳትዞር፣ «ጠመኔ አምጪ» አለች።

«እማዬ…»

«አምጪ አልኩሽ! ልጄ ነው።»

ጠመኔውን ፈጭተው እድፉ ላይ ነሰነሱት። ጠመኔ ዘይቱን ይመጠዋል፤ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚያ ተራግፎ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከውስጥ በኩል ይታሻል፣ በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ካልለቀቀ ይደገማል። «እስኪለቅ ድረስ ካውያ እንዳታስነኪው» አለች እናቷ፣ እንደ ልማዷ። ሳሙና ይህን ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ የሰማችው ይመስላታል። አንድ ጊዜ ቸኩላ የአንድ አስተማሪ ሱሪ ላይ የቀረችን የዘይት ጠብታ ተኩሳባት ነበር። ሙቀት ያገኘ ዘይት ክሩ ውስጥ ይገባል። ያቺን ጠብታ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስለቀቃትም።

በሩ ሲንኳኳ እናቷ ሸሚዙን ከነጠመኔው ባዶ ሳፋ ውስጥ ከታ በፎጣ ሸፈነችው። ወንድሟ ወደ ጓዳ ገብቶ ቀረቀረ።

የመቃ እናት ናት፤ መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጠው። ደረቷ ላይ የታቀፈችው ሌላ ነጭ ሸሚዝ ነው። ነጭ ነበር ማለት ይሻላል። ከኮሌታው እስከ ወገቡ ደም ደርቆበታል።

«ሰው ተረባርቦ ቀጠቀጠው» አለች። «ፖሊስ ሳይደርስ በፊት። ሁለት ጥርሱ የለም። ‹አልመታሁም› ሲል አፉን በጫማ… አንቺዬ፣ ፍርድ ቤት ንጹህ ለብሶ ይቅረብ ብዬ ነው። ያደፈ ልብስ የለበሰ ልጅ ወንጀለኛ ይመስላል። ያንቺ እጅ ያውቃል።»

የሳሙና እናት ሸሚዙን ተቀበለች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አብሬሽ ጣቢያ ልሂድ» አለች። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ልጇ ጠጋ ብላ፣ በጆሮዋ፣ «ያልኩሽን ጨርሺ» አለቻት። ዓይኗን ግን አላየቻትም።

ሁለቱ እናቶች ሲወጡ ሳሙና ከፊት ክፍሉ ብቻዋን ቀረች።

መጀመሪያ የመቃን ሸሚዝ አነሳች። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። ውሃው ቀላ፤ ደፋችው። ደግሞ ቀላ፤ ደፋችው። ጣቶቿ ደነዘዙ። ከኪሱ የሷ እርሳስ ወጣ፤ ሐሙስ ዕለት ተበድሯት «ነገ እመልሳለሁ» ያላት። በአምስተኛው ውሃው ጠራ። ጨመቀችው፣ ካውያውን ሰክታ እየተኮሰች አደረቀችው። ሸሚዙ አዲስ መሰለ። ቢሆንም ጥርሱን አይመልስለትም።

ካውያው እንደጋለ ነው።

ፎጣውን ገለጠች። ጠመኔውን ስታራግፍ እጁ ትንሽ ፈዝዟል፤ ግን አለ። ፈሳሽ ሳሙናው እዚያው አጠገቧ ነው። አንድ ሰዓት ብታሸው እንደሚለቅ ታውቃለች። ከጓዳ የወንድሟ ሳል ተሰማ። ትንሽ ሳለች ውሻ ሲያባርራት ጀርባውን ሰጥቶ የተነከሰላት እሱ ነው፤ ጠባሳው ባቱ ላይ አለ።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እላዩ ላይ ስስ ጨርቅ አለበሰች። ካውያውን አነሳችና ባዶው ቦታ ላይ፣ የሌለችው ጣት ላይ፣ አሳረፈችው፤ ከዚያ መዳፉን ሁሉ ዞረችበት።

ጨሰ።

የጓዳው መቀርቀሪያ ጮኸና ወንድሟ ወጣ። አፍንጫው ነገረው፤ የዘይቱ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተኮስኩ።»

በሁለት እርምጃ ደረሰባት። ቡጢው ወደ ላይ ወጣ። ሳሙና ካውያውን በጥንቃቄ ራቅ አድርጋ አቆመችና በእርጥብ እጇ የደረቱን ልብስ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

«ልቀቂኝ!»

አልለቀቀችም።

«ልቀቂኝ አልኩሽ፣ እመታሻለሁ!»

«አውቃለሁ» አለች። ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር። 

ቡጢው አየር ላይ ቀረ። ወንድሟ እጇን አየ፤ ደረቱን የጨበጠውን፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን።  ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ።

ያኔ ለቀቀችው።

ሁለቱን ሸሚዞች አጠፈች፤ የመቃን ከሥር፣ የወንድሟን ከላይ፣ ጥቁሩ እጅ እንዲታይ አድርጋ። በርሜሉ ሥር ያለውን እሳት አጠፋች፣ ካውያውን ነቀለች። ሰው ቢያቃጥልስ።

«ጣቢያ ነው የምሄደው» አለች። «ትመጣለህ?»

ጫማው የት እንዳለ በዓይኑ ሲፈልግ አየችው።

ወደ መንገዱ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።