የማይሰነፍጠው አተር

በሩን የከፈተላት እሱ ራሱ ነበር። ካርቶኗን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

«እናትህ ደውለው ጠሩኝ... እምቢ ማለት አቃተኝ» አለችው ዓይኑን ሳታይ።

«እማዬ መለያየታችንን አታውቅም። በዓሏን እንዳላበላሽባት ብዬ ነው። ዛሬን ብቻ እንደ ድሯችን እንሁን... እባክሽ።»

እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው። እሷ ከእስያ የሚመጡ ምግቦችና መክሰሶች የሚሸጡበት መደብር ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ውስጥ ስትቀር በሩን ፈልቅቆ ያወጣት እሱ ነው፤ የተዋወቁትም ያኔ ነው። ሊጋቡ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ድንገት «ፍቅሬ አልቋል» ብሏት ሄደ። ምክንያት የለ፣ ምን የለ! ምስኪኗ ሌላ ሴት ወዶ ነው ብላ አንጀቷ አርሮ ከረመ።

ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። ይዛ የመጣችውን በየሳህኑ አቀረበች፦ የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ ጣፋጭ የባቄላ ኬክ፣ በሰናፍጭ የተለወሰ አረንጓዴ አተር። አጎቱ ቅጠሉን እያገላበጡ አዩና የሚበላ ነው ወይስ የሚጻፍበት ብለው ጠየቋት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አተሩን ቃም ሲያደርጉ ግን አፍንጫቸውን ይዘው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያማ ልጅ አዋቂው እየተሻማ ይቅም፣ ያነባ፣ ይስቅ ጀመር።

የእሱን ሳህን ለብቻው ነበር ያቀረበችለት። ጨጓራው የሚያቃጥል ነገር አይስማማውም፤ መልኩ ያው የሆነ፣ ጨው ብቻ ያለበት አተር መርጣ አመጣችለት። ቢከዳትም ጨጓራውን አልረሳችም።

እናቱ መሃላቸው ተቀምጠው ሁለቱንም በየተራ አዩ። «ለከርሞው ደግሞ ልጃችሁን አቅፌ ያድርሰኝ» አሉ። ዘመድ ሁሉ አሜን አለ።

እሱ አጎንብሶ ከሳህኑ ዘገነ። ቀና ሲል ጉንጩ በእንባ ርሷል።

«እሳት ነው እኮ!» አለ ለመሳቅ እየሞከረ። ሁሉም ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ወጥ ቤት ሲገባ ተከትላው ገባች።

«ያንተ አተር አይሰነፍጥም» አለችው በቀስታ።

ግድግዳውን ተደግፎ ሁሉንም ዘረገፈላት። ልጅ መውለድ እንደማይችል ሐኪም ነግሮታል። እሷ ልጅ እንዴት እንደምትወድ፣ ላልተወለዱት እንኳ ስም እንዳወጣች ያውቃል። ከእኔ ጋር ታስራ ከምትቀር ጠልታኝ ብትሄድ ይሻላል ብሎ ነው።

«ግድ የለም» ልትለው አፏን ከፈተች። ትወደዋለች፤ ያለ እሱ ቀኑ አይመሽላትም። ቃሉ ግን አልወጣ አላት። ልትዋሸው ደግሞ አልቻለችም።

«የፈራሁት ይሄንን ዝምታ ነበር» አላት። ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። «አትዘኚ የኔ ዓለም... እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን...» አልጨረሰውም።

«ይቅር በለኝ» አለች፤ ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ዓይናቸው ቀልቶ ወደ ሳሎን ሲመለሱ ማንም ምን ሆናችሁ አላላቸውም፤ የዚያን ቀን በዚያ ቤት ያላነባ ሰው አልነበረም።

ስትሰናበት እናቱ አገላብጠው ሳሟት፤ ቶሎ ቶሎ እንድትመጣም አደራ አሏት። በዓሉ ሲያልፍ መለያየታቸውን እሱ እንደሚነግራቸው ተስማምተዋል። እናቱ በረንዳ ላይ ቆመው ስለሚያዩአቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። መንገዱ ታጥፎ ከእናቱ ዓይን ከተሰወሩ በኋላም ግን አልተላቀቁም። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ አለቀ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋባቸው ነው እጁን የለቀቀችው።