ኢፍቱና የማግኔት መያዣዋ

ኢፍቱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ቀራንዮ ነው። አባቷ ያደሳ በያጅ ሲሆን፣ ትንሿ የብየዳ ቤቱ ከግቢያቸው በር አጠገብ ናት።

ያደሳ ሰሞኑን የሚሠራው ብቻውን ነበር። በአንድ እጁ ብረት ይዞ በሌላው ሲበይድ ብረቱ ይንሸራተትበታል። እንደገና ያስተካክላል፤ እንደገና ይንሸራተታል። ኢፍቱ ይህን ስታይ አንድ ሐሳብ መጣላት። እቤት የተበላሸ ስፒከር አለ። ከስፒከሩ ጀርባ ደግሞ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ማግኔት አለ። ማግኔቱ በሁለት የላሜራ ቁራጮች መካከል ቢታሰር፣ ብረቶቹን ቀጥ አድርጎ ለአባቷ አይዝለትም?

ሮጣ ለአባቷ ነገረችው። ያደሳ በጥሞና ሰማትና ጠመኔ አንሥቶ መሬቱ ላይ ሣለው። ከዚያ ፈገግ አለ። ይሠራል ማለት ነው! ኢፍቱ ከደስታዋ የተነሣ አንድ ቦታ መቆም አቃታት።

አባቷ ማግኔቱን ከስፒከሩ አወጣ። ከወዳደቀው ላሜራ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ቆረጠላት። እሷም መነጽር አድርጋ በሞረድ ጠርዛቸውን ማስተካከል ጀመረች። ማዕዘናቸው የማዕዘን መለኪያ ከሆነው ስኳድራ ጋር ልክ እስኪገጥም እንድትሞርድ፣ ሁለቱንም እንድትለካ አደራ አላት።

የመጀመሪያው ልክ መጣ። ሁለተኛውን ስትለካ ግን በስኳድራውና በላሜራው መካከል ቀጭን ብርሃን ታየ። ገና ይቀረዋል። ኢፍቱ ግን ቸኩላለች፤ መያዣው ሲሠራ ለማየት ጓጉታለች።

"ሁለቱንም ለካሻቸው?" አለ አባቷ።

"አዎ፣ ልክ ናቸው" አለች።

ልጆች፣ አጭር ቃል ናት አይደል? ለኢፍቱም ቀላል መስሏት ነበር።

ያደሳ ማግኔቱን በመሐል አድርጎ በቡሎን አሰረው። ወደ ብረት ሲያስጠጉት ቀጭ ብሎ ተጣበቀ። አባቷ ሁለቱንም እጆቹን ለቀቀ፤ ብረቶቹ ንቅንቅ አላሉም። አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ።

በዚህ መሐል እትዬ ዘነበወርቅ መጡ። ዐሥራ ስምንት ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። የሱቃቸው በር ስለተሰበረ፣ በየምሽቱ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ቤት ይወስዳሉ። አዲሱን በር የሚሠራላቸው ያደሳ ነው። የኢፍቱን መያዣ ሲያዩ ተገረሙ፤ በበሩ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየጠሩ አሳዩ። ያደሳም በዚያው መያዣ የበሩን ብረቶች ማያያዝ ጀመረ።

ኢፍቱ ፊቷን ከብየዳው ብርሃን አዙራ ቆማለች። ሰው ሁሉ ሲያደንቃት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን የምታስበው ያንን ቀጭን ብርሃን ነው። ማንም አላየም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? በሩ ግን ጠማማ ሆኖ አልዘጋ ቢልስ? እትዬ ዘነበወርቅ እንደገና ዕቃ ሊሸከሙ ነው።

"እግዚአብሔር ሆይ፣ ድፍረት ስጠኝ" አለች በልቧ።

"አባዬ፣ ቆይ። ሁለተኛው ልክ አልነበረም። እንዳልገጠመ እያየሁ ነው ልክ ነው ያልኩህ።"

ያደሳ የፊት መከለያውን አወለቀ። ስኳድራውን አንሥቶ የተያያዘውን ብረት ለካ። ዘሟል። ኢፍቱ አንገቷን ደፋች።

"ያልለካሁት አንቺን አምኜ ነው" አላት በቀስታ።

"ይቅር በለኝ አባዬ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

እትዬ ዘነበወርቅ ጠጋ ብለው ጭንቅላቷን ዳበሷት። አንድ ቀን ዕቃ መሸከም አልዘጋ የሚል በር ከማግኘት እንደሚሻላቸው፣ ነገም እንደሚመጡ ነግረዋት ሄዱ።

ያደሳ ያያያዛቸውን ብረቶች ቆርጦ ለያየ። ከዚያ ሞረዱን ለልጁ መልሶ ሰጣት። ታዲያ ይህን ስታይ የኢፍቱ ልብ በደስታ ዘለለ። አሁንም ያምናታል! ሞረደች፣ ለካች፣ እንደገና ሞረደች። ብርሃኑ ጠፋ። አባቷን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም ለክቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተገጠመ። እትዬ ዘነበወርቅ በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት፤ ቀስ ብሎ ግጥም አለ። ያን ምሽት ባዶ እጃቸውን፣ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ልጆች፣ ስንሳሳት ቶሎ እውነቱን ብንናገር የተበላሸው ይቃናል፤ እግዚአብሔርም ደስ ይለዋል።