ከአባቴ እግር የቀረችው ቁራጭ

ወንዳወቅን የተዋወቅኩት የአባቴ እግር በተቆረጠበት ቀን ነው። ለፍቅር ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል!

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ፣ የተቆረጠውን እግር ቡሬ ወስደን በደብራችን ልንቀብር ስንዘጋጅ፣ የደም ቧንቧ በሽታ የሚያጠና አንድ ቀጭን ወጣት አባቴ አልጋ ላይ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ከእግርዎ የደም ቧንቧ የጣት አንጓ የምታህል ቁራጭ ይፍቀዱልኝ። ምን እንደደፈነው ልይ።»

«ከትፈህ ልትጥላት?»

«የለም። ሌላው ዘዴ በቀለም ይነክራታል። እኔ ግን ብርሃን ብቻ ነው የማበራባት፤ ቧንቧው ውስጥ የተጋገረውን ስብ እንደ ኖራ ከጠጠረው ብርሃኑ ይለየዋል። ቀለም ሳይነካት እመልስልዎታለሁ።»

«እንግዲያው ሳልሞት አምጣት። ጎዶሎ ሆኜ ፈጣሪዬ ፊት አልቆምም» አለ አባቴ።

ከዚያ ወዲያ ወንዳወቅ በየእሑዱ ቡሬ እየመጣ ቁስሉን ያጥብለት ጀመር። እኔ ሳህኑን እይዛለሁ። እጁ እጄን ሲነካው ሁለታችንም ዓይናችንን ቁስሉ ላይ እንተክላለን። አባቴ ግን ሞኝ አልነበረም።

«ይች ልጅ ሳህን መያዝ የሚያሽኮረምማት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ አንድ ቀን። ወደ ወንዳወቅም ዞሮ፣ «ቁራጬን ይዘህ ና፤ ያኔ ልጄን ያምሮትን ትወስዳለህ» አለው።

የብርሃን መሣሪያው አዲስ አበባ ስለሆነ በኅዳር ሄደ። በርበሬያችን ተለቅሞ ሳያልቅ በስልኬ የቁራጯን ፎቶ ላከልኝ፤ ከሥሩም «ሰማያዊው ስብ፣ ቀዩ ኖራ» ብሎ ጽፏል። በደስታ እየሮጥኩ ለአባቴ አሳየሁት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

አባቴ ስልኩን አቅርቦም አርቆም አየው።

«ቀለም አይነካትም አላለም ነበር?»

ልደውልለት ብል በጸጥታው ችግር ኔትወርክ ጠፋ፤ መንገዱም ተዘጋ። አባቴ ከዚያ በኋላ ስሙን አንስቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ከመሞቱ በፊትም የንስሐ አባቱ ባሉበት፣ «ቃሉን ለበላ ሰው ልጄን አልሰጥም። ብትሄድ ርግማኔ ይከተላት» ብሎ ተናዘዘ።

መንገዱ ሲከፈት ወንዳወቅ እየሳቀ መጣ። ጥቁር ልብሴን ሲያይ ደጃፉ ላይ ቀረ። ከደረት ኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ቁራጯ ነጣ እንዳለች ናት፤ የቀለም ጠብታ አላረፈባትም።

«ያ ሁሉ ቀለምስ?» አልኩት።

«የኮምፒውተር ነው እኮ፣ ያምሮት። ዓይን እንዲለየው ስዕሉን ነው የቀባነው። እሷን ማን ነክቷት!»

እንዲህ ቀላል ነገር ነበር። ኑዛዜውን ስነግረው አልተከራከረኝም፤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም እወደዋለሁ፤ ዛሬም እወደዋለሁ። የሞተ ሰው ያሰረውን ግን ማን ይፈታዋል?

መቃብሩ ግርጌ አፈሩን በእጃችን ጭረን ቁራጯን ቀበርናት። ጣታችን አፈር ውስጥ ተነካካ። ወንዳወቅ ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ። እኔም አልጠራሁትም።

ከዓይኔ ሲሰወር መቃብሩ ላይ ተደፋሁ።

«አባባ፣ ነጭ ናት» አልኩ። «ነጭ ናት እኮ!»