ምርቃት ያጣመመችው ትርጉም

ምርቃት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ውስጥ ከእናቷ ከሙሉሸዋና ከታላቅ ወንድሟ ከዮፍታሄ ጋር ትኖራለች።

ልጆች፣ ምርቃትን ብታውቋት! ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ከአዲስ አበባ በመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ስዋሂሊውን እየተሳሳተችም እየሳቀችም አቀላጠፈችው። ዮፍታሄ ግን ያደምጣል እንጂ አይናገርም። «ድዳው!» ትለዋለች በጓደኞቿ ፊት። ወንድም እንዲህ ይባላል? አይባልም።

አንድ ቀን የሁለቱም የስዋሂሊ መምህርት፣ ቲቸር ዋንጂሩ፣ ወላጆችን ጠሩ። ሙሉሸዋ ስዋሂሊ አትችልም፤ እንደ ወትሮው አስተርጓሚዋ ምርቃት ናት። መምህርቷ እንዲህ አሉ፦

«ዮፍታሄ መጀመሪያ በደንብ ያደምጣል፤ ሲጽፍ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ምርቃት ግን በወሬ ትረብሻለች፤ የቤት ሥራም አትሠራም። ቋንቋ ለሁሉም በአንድ በር አይገባም፤ ሁለቱንም እንደየጠባያቸው እርዷቸው።»

ምርቃት ደነገጠች። እናቷ ዐይን ዐይኗን ታያታለች።

«ምን አሉ?»

«እኔን... ጎበዝ ናት አሉ። ዮፍታሄ ግን ሰነፍ ነው፣ ምንም አይገባውም አሉ።»

ዮፍታሄ ቀና ብሎ አያት።

ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ሲመለሱ ሙሉሸዋ ዕንባዋ መጣ። «ምግብ ቤት ቆሜ የምውለው ለማን ብዬ ነው? ከእንግዲህ ኳስ የሚባል ነገር የለም!» አለችው። ዮፍታሄ አንገቱን ደፋ።

ያኔ አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ሮይሳምቡ የሚባለው ሰፈር ደርሰው እንደሆነ በስዋሂሊ ጠየቁት። «ንዲዮ፣ ሾሾ»፣ አዎ፣ አያቴ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ የት እንደሚወርዱ አንድም ሳይሳሳት አስረዳቸው።

ምርቃት ክው አለች።

«መምህርቷ ያሉት ገብቶሃል?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሁሉም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ።»

ልጆች፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ፊቷ ጋለ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ገና ከማታቱ እንደወረዱ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

«እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። እሱ ጎበዝ ነው፤ ሰነፏ እኔ ነኝ።»

ሙሉሸዋ ዮፍታሄን ዐቅፋ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለችው። እናቷ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅርታ ስትለምን ማየት ምርቃትን ከአለንጋ ይልቅ አመማት። እሷም እግሩ ሥር ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች።

በሚቀጥለው ጊዜ ወላጆች ሲጠሩ አስተርጓሚው ዮፍታሄ ሆነ። መካከል ላይ አንድ ቃል ጠፋው። ምርቃት ታውቀዋለች፤ ምላሷን በላት። ግን ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችው። አገኘውም።

«ምርቃት የቤት ሥራዋን መሥራት ጀምራለች፤ ወሬው ግን ገና ነው አሉ» ብሎ ተረጎመ።

እውነቱን ነበር። ምርቃት አፍራ መሬት መሬት እያየች «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያሉት» አለች።

ልጆቼ፣ አንደበታችን ቶሎ ቢፈታ ዝግ ያለውን ወንድማችንን አንናቅበት፣ አንዋሽበትም፤ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ የራሱን መንገድ ሰጥቶታልና።