የኑርዬ ጉልበት

ሃምሳ አለቃ ውበቱ የዓሣ አስጋሪውን የኑርዬን ሬሳ ገልጦ አየ። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ጠቁሯል። መግል ቋጥሯል።

ባለቤቱ አሚናት እንደነገረችው፣ ኑርዬ ለጉልበቱ ሕመም ሐይቅ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግቶ ነበር። በዚያው ምሽት አንቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲህ ከመደቡ አልተነሳም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ዶክተር አያሌው አልደበቀም። የአዲስ የጉልበት መድኃኒት ሙከራ ይዟል። ከፈቃደኞቹ ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ንጹሕ የጨው ውሃ ይወጋል። ማን የቱን እንዳገኘ ሐኪሙም በሽተኛውም እንዳያውቁ መርፌውን ረዳቱ ድሬሰሩ አስረስ አዘጋጅቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብላል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሐኪሙን «ፀረ ሕዝብ ነው፣ ይታሰር» አለ። በዚያ በደርግ ዘመን ይህች ቃል ታስገድላለች። ውበቱ ግን ጊዜ ጠየቀ።

መጀመሪያ ወጌሻውን አብደላን ጠረጠረ። ኑርዬን ሊያሸው ተጠርቶ ነበርና። አብደላ ግን ጉልበቱ እንደ እሳት ሲፈጅ አይቶ ሳይነካው መመለሱን ተናገረ። አሚናትም መሰከረች። አስረስም ተጠየቀ፤ የታዘዘውን ከማቀበል በቀር የማውቀው የለም አለ።

ለቅሶው ላይ ውበቱ የአስረስን እናት እማማ እናትነሽን አየ። ከኑርዬ ቤት ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው። ውበቱም የአገራቸው ልጅ ነው፤ ያለ ሁለት ደጋፊ እንደማይነሱ ያውቃል። አሁን ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በበቅሎ ነው የመጡ?»

«በእግሬ እንጂ። አስረሴ ዕድሜው ይርዘም፣ መድኃኒት አምጥቶ ወጋኝ።»

ውበቱ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄደ።

«እናትህ ሙከራው ውስጥ አሉ?»

«የለችም።»

«የማንን መድኃኒት ወጋሃቸው?»

«ዕድሜሽ አልፏል ብለው መለሷት» አለ አስረስ። «በዳዴ ነበር ደጅ የምትወጣው። የኑርዬን ድርሻ አስቀረሁ። የጨው ውሃው ተቆጥሮ ስለሚሰጠኝ ለእሱ ከእጅ መታጠቢያው ባልዲ ቀዳሁ። ውሃ ይገድላል አላልሁም።»

«ታሞ መተኛቱን ስትሰማስ?»

«ብናገር እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ።»

እማማ እናትነሽ ልጃቸው ለምን እንደታሰረ ከውበቱ ሲሰሙ ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሱ። የሆነውን ለአሚናት ራሳቸው ነገሯት።



«እርስዎ አላወቁም፤ አላህ ያያል» አለች አሚናት። «ለልጅዎ ግን ይቅርታ እንዳይለምኑኝ።»

እማማ እናትነሽ አልለመኑም።