የላፓዝ ትንፋሽ

ጋሽ ኡራኤል ሆላንድ ውስጥ፣ ሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን በምትባል ከተማ ባለው ጠባብ ቤታቸው፣ ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ምግብ ልታደርስላቸው መጥታ ያገኘቻቸው የአገራቸው ልጅ አበባይሽ ናት።

ቀድመው የደረሱት ሁለት ፖሊሶች ደረጃውን ሽቅብ አይተው ተያዩ። ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ሟቹ ደግሞ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው።

«አደጋ ነው» አሉ።

ሳያት የምትባለው ትውልደ ሐበሻ የሮተርዳም ፖሊስ መርማሪ ኮቷን ሳታወልቅ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ራስ ወደ ውጭው በር ነው፤ እግራቸው ደረጃው ላይ ቀርቷል። አንዱ ነጠላ ጫማቸው ከላይ፣ ከደረጃው አፋፍ ላይ ይታያል።

«ከዚህ ደረጃ እንዴት ነበር የሚወርዱት?» ስትል አበባይሽን ጠየቀቻት።

«ወደ ኋላ ነዋ! ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ሕፃን። ልጄ ኤልናታን ይስቅባቸው ነበር።»

ሳያት ወደ ላይ ወጣች። የሟቹ የሥራ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ የደቡብ አሜሪካ ካርታ ተለጥፏል። ከጠረጴዛው በላይ መስታወት የተገጠመለት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የድሮ ተጫዋቾች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከሥሩ «ፔሩ፣ ቦጎታ፣ 1938» ይላል። ምስማሩ ሲመታ የረገፈው የግድግዳ ብናኝ ገና ከጠረጴዛው ላይ አልተጠረገም። መስታወቱ ላይ የአንድ መዳፍ አሻራ ጉልህ ሆኖ ታትሟል።

ጋሽ ኡራኤል በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሬዲዮ ስፖርት ዘጋቢ ነበሩ። በስደት ዘመናቸው አንድ ነገር ያዛቸው፤ ቦሊቫር ነፃ ያወጣቸው የደቡብ አሜሪካ አገሮች በየጥቂት ዓመቱ የሚገናኙበት የቦሊቫር ጨዋታዎች፣ በተለይም የእግር ኳሱ ታሪክ። በማግስቱ እሑድ፣ ሮተርዳም ውስጥ ያሉ የሐበሻ ልጆች እግር ኳስ በሚሠለጥኑበት በንጋት ክለብ ካንቲን፣ ስለዚሁ ለወላጆች ሊናገሩ ተዘጋጅተው ነበር።

«ታሪክ ሊተርኩ ብቻ አልነበረም» አለች አበባይሽ፣ ምሽቱን ወጥ ቤቷ ተቀምጠው። «የክለቡን አሠልጣኝ፣ ኮች ኢዮሲያስን ሊያጋልጡት ነበር። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1977 ላፓዝ ላይ፣ በቦሊቫር ጨዋታዎች፣ የቦሊቪያ ቡድን ምክትል አሠልጣኝ ነበርኩ እያለ ስንት ዓመት አታለለን! ‹የላፓዝ ትንፋሽ› ብሎ የልጆቹን አፍና አፍንጫ በወፍራም ጨርቅ ጭንብል አስሮ ያስሮጣቸዋል። የተራራ ላይ ከተማዋን ስስ አየር ያለምዳል አሉ! ኤልናታን ‹ደረቴን አመመኝ› ሲለው ‹ሩጥ› አለው። ወደቀ። ልቡ ተጎዳ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ሁለት ፎቅ መውጣት አይችልም። ወላጆቹ ግን ‹እሱ ላፓዝን ያየ ሰው ነው› ብለው እኔን ዝም አሰኙኝ።»

«በጋሽ ኡራኤልም ተናደሽ ነበር?»

«ነበር። ለምን እስካሁን ዝም አሉ ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። ማስረጃ ሳልይዝ አልናገርም አሉኝ። ዛሬ ከሰዓቱን ሁሉ ሺዳም ከተማ፣ ሥራዬ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ሳጥብ፣ ሳለብስ ነበር፤ ሂጂና ጠይቂ።»

የሟቹ የቅርብ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡት የወደብ ሠራተኛ አቶ ፍሱሕ ነበሩ። አማርኛን ልጅ ሳሉ አስመራ ተምረዋል። ሳያት በዚያው ምሽት ቤታቸው ስትገባ ዓይናቸው ደም መስሎ ነበር።

«ያንን ፎቶ እኔ ነኝ ያሠራሁለት» አሏት። «ለነገው ንግግሩ ድንገቴ ስጦታ ብዬ። ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ወስጄ ሰቀልኩለት፤ መስታወቱንም በራሴ ጨርቅ ወለወልኩት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ደውሎ አመሰገነኝ። ባለቤቴም አናግራዋለች።»

«ማስረጃ አገኘሁ ብለውዎት ነበር?»

«አዎ። ሐሙስ አምስተርዳም ኖርድ ሄዶ፣ ራሞን የሚባል የቦሊቪያ ሰው አነጋግሮ መጣ። በ1977 ለቦሊቪያ ቡድን ላፓዝ ላይ የተጫወተ ነው አለኝ።»

ሳያት እሑድ ማለዳ ኢዮሲያስ ወደሚኖርባት ዴን ሃግ ከተማ ሄደች። ኢዮሲያስ ቁመናው ለዕድሜ ያልተበገረ፣ የክለቡን ቱታ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ጎረቤት ቅዳሜ ከሰዓት ከሟቹ በር ላይ አይቶት ነበርና፣ መሄዱን አልካደም።

«በሩ ላይ ቆመን ሁለት ቃል ተለዋወጥን። ቤቱ ውስጥ እግሬን አላስገባሁም።»

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሳያት። እናቷ በቁንጥጫ ያስተማረቻትን አክብሮት አልተወችም፤ «እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ንግግሩን ተወው አልኩት። ሜዳ ረግጦ የማያውቅ የሬዲዮ ሰው እኔን ሊያስተምር! እነዚያን እጃቸውን አጣምረው የተገተሩ ፔሩዎች ሰቅሎ፣ ‹እነዚህ ጭንብል ነበራቸው ወይ?› ይለኛል። እኔ ላፓዝን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ!»

ሳያት ቀና ብላ አየችውና አመሰገነችው። እንደ ሌሎቹ ሁሉ የጣትና የመዳፍ አሻራውን ሰጠ።

አምስተርዳም ደርሳ በጀልባ ከውሃው ማዶ ወዳለው ኖርድ ሰፈር ተሻገረች። ራሞን ስለ ጭንብሉ ሲነገረው በመጀመሪያ ሳቀ፤ ስለ ኤልናታን ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እኛ እዚያው ከፍታ ላይ ተወልደን ያደግን ልጆች ነን» አላት በሆላንድኛ። «ትንፋሽ የሚያጥረው እንግዳን ነው እንጂ እኛን አይደለም። ከመካከላችን አፉን ታስሮ የሮጠ የለም። ኢዮሲያስ የሚባል ኢትዮጵያዊም በቡድናችን አልነበረም። ለሽማግሌውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ካንቲኑ ሞላ። ወላጆች ንግግሩ ወደ ለቅሶ መቀየሩን ሰምተው ነው የመጡት። ኢዮሲያስ ከፊት ተቀምጧል። አበባይሽና ኤልናታን በሩ አጠገብ፣ አቶ ፍሱሕ መሐል ናቸው። ሳያት ተነሣች።

«ጋሽ ኡራኤል አልወደቁም፤ ተገፍተው ነው» አለች። «ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነበር የሚወርዱት። እንደዚያ ሲወርዱ ቢያዳልጣቸው ኖሮ በእግራቸው ይንሸራተቱ ነበር። እሳቸው ግን በራሳቸው ወደ በሩ ነው የተወረወሩት። ስለዚህ እየወረዱ አልነበረም፤ ከላይ ቆመው ነበር፤ ከኋላቸው ደግሞ ሰው ነበር።»

«ማን?» አለ አንድ አባት።

«አቶ ፍሱሕ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ሟቹ በሕይወት ነበሩ፤ ደውለውላቸዋል። አበባይሽ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች፤ አረጋግጫለሁ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ፎቶግራፍ ፎቅ ላይ ተሰቅሏል። መሰቀሉን ከአቶ ፍሱሕና ከሟቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ከበሩ ላይ ሆኖ አይታይም። በሩ ላይ ብቻ ቆሜ ነበር ያለኝ ሰው ግን ተጫዋቾቹ እጃቸውን አጣምረው መቆማቸውን ነገረኝ።»

ሁሉም ወደ ፊት ዞረ።

«እሱ ነግሮኝ ይሆናል!» አለ ኢዮሲያስ።

«አቶ ፍሱሕ በወለወሉት መስታወት ላይ ያለው መዳፍስ? ያንተ ነው።» ‹እርስዎ› ማለቱ ከአፏ ጠፍቶ ነበር። «ጋሽ ኡራኤል ያንን ፎቶ ለምን እንዳሳዩህ አውቃለሁ። ፔሩዎች ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ የመጀመሪያዎቹ የቦሊቫር ጨዋታዎች ወደተካሄዱበት ወደ ቦጎታ ከፍታ ወጥተው፣ በእግር ኳስ አሸነፉ። የራሞንንም ቃል ነገሩህ። ላፓዝን አታውቃትም። ስታታልል ኖረሃል።»

«አልገፋሁትም! ነካ ነው ያደረግኩት!» ኢዮሲያስ ከወንበሩ ተነሣ። «ፎቶውን ልነጥቅ ስል ከለከለኝ፤ ‹ውጣ› ብሎ ደረጃውን አሳየኝ። እኔ እኮ እነዚህን ልጆች ሰው ያደረግኩ ነኝ! ማን ነው ከመንገድ የሰበሰባቸው?»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ይላል» አለች ሳያት። «የቤቱ በር ከደረጃው ግርጌ ነው። ለመውጣት እሳቸውን መሻገር ነበረብህ።»

አቶ ፍሱሕ በጠረጴዛው ተደግፈው ተነሡ። «ምን አለህ? ስትሻገረው ምን አለህ?»

ኢዮሲያስ ወለሉን አየ። «ስሜን ጠራኝ» አለ።

ወንበሮች ተገፉ። ሁለት አባቶች እየተሳደቡ ወደ እሱ ተንደረደሩ፤ የሳያት ባልደረቦች መሐል ገብተው ሁለት እጁን ያዙት። ኢዮሲያስ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሕዝቡ ዓይን ለማምለጥ እርምጃውን አፈጠነ። በሩ ላይ ግን አበባይሽ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ልትመታው ነው ብሎ ጠበቀ።

«አትቸኩል» አለችው። «ልጄን ሩጥ ያልከው አንተ ነህ። አሁን ቀስ ብለህ ሂድ፤ ያጨበጨቡልህ ሁሉ ይዩህ።»

ከዚያም መንገዱን ለቀቀችለት።